ቢራ በሳሙና መደርደሪያ

(ሱቅ ውስጥ። ሱቆች ቢራና ወይን እንዲሸጡ የተፈቀደበት የመጀመሪያው ጠዋት። ባለሱቁ «ሚዛን» መሰላል ላይ ሆኖ ጠርሙስ ይደረድራል። የእህቱ ባል፣ ከማዶ መጠጥ ቤት ያለው «ቡሽ»፣ ከታች ቆሞ ይጮኻል።)

ቡሽ፦ ቢራ ከሳሙና ጎን! ኧረ አንተ ሰው፣ ነውር አታውቅም?

ሚዛን፦ ከፓስታው ጎን ቦታ የለም፣ ጋሼ። ደግሞ ሁለቱም አረፋ አላቸው።

ቡሽ፦ ያበደ ውሻም አረፋ ይደፍቃል፤ አምጥተህ ከጎኑ እሰረዋ!

ሚዛን፦ (እያሰበ) ውሻ ማን ይገዛኛል?

ቡሽ፦ ውረድ! ውረድና ስማኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሰካራም ሳስተናግድ የኖርኩ ሰው ነኝ። ቢራ መሸጥ ሳሙና መሸጥ መሰለህ? ኃላፊነት አለው!

ሚዛን፦ (ወርዶ) የምን ኃላፊነት?

ቡሽ፦ አንደኛ፣ የሸጥክለት ሰው ብሶቱን ሲያወራ ቁጭ ብለህ ትሰማለህ።

ሚዛን፦ እኔ? ዱቄት ስሸጥ ስንት ዓመቴ፤ ስለ ትዳሩ ያወራኝ ሰው የለም።

ቡሽ፦ ዱቄት አንደበት አይፈታማ! ሁለተኛ፣ ሲሰክር ደግፈህ አልጋው ላይ ታስተኛዋለህ።

ሚዛን፦ ቤቱ ወስዶ እኮ ነው የሚጠጣው። አልጋው እዚያው አጠገቡ ነው።

ቡሽ፦ (ትንሽ ተደናግሮ) እ... እሱ ነው የባሰው! እኔ አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚሰክሩብኝ፤ አንተ በየቤቱ እየዞርክ ልታስተኛቸው ነው!

ሚዛን፦ ሁሉንም?

ቡሽ፦ አንድ ሳይቀር!

ሚዛን፦ አምስተኛ ፎቅ ያሉትንም? ጉልበቴን ያመኛል እኮ።

ቡሽ፦ ሊፍቱ ከተበላሸ በእግርህ!

ሚዛን፦ ሚስትየው «አንተ ደግሞ ማን ነህ?» ብትለኝስ?

ቡሽ፦ «ያሰከርኩት እኔ ነኝ» ትላታለህ። ከዚያ የምትወረውረውን ጎንበስ ብለህ ማሳለፍ ነው።

ሚዛን፦ (በእጁ የያዘውን ጠርሙስ ከራሱ እያራቀ) ጉዴ ፈላ! ወይኑስ ይሻላል?

ቡሽ፦ ወይን ጠጪ ብሶ! ቢራ የጠጣ ያለቅሳል፤ ወይን የጠጣ ግጥም ያነብልሃል።

ሚዛን፦ ግጥምስ አልችልም፣ ጋሼ! ይቅርብኝ። ግን ይሄን ሁሉ ምን ላድርገው? አንዴ ገዝቼዋለሁ።

ቡሽ፦ (ድምፁን አለስልሶ) ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ። እኔ እወስድልሃለሁ።

ሚዛን፦ ወይኑንም?

ቡሽ፦ ወይኑንም! በገዛህበት፣ ለድካምህም ጨምሬ። ብቻ ሁለተኛ ላትሸጥ ማልልኝ። እውነቱን ልንገርህ፤ ሰዉ ቢራውን ከዚህ ይዞ ቤቱ ከገባ፣ እኔ ወንበር ላይ የሚቀመጠው አቧራ ነው። ልጆቼን በምን ላሳድግ?

ሚዛን፦ ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አይሉኝም? የእህቴ ልጆች አይደሉ እንዴ! ማልኩ፣ አልሸጥም።

(ቡሽ ይከፍላል። ሳጥኖቹን እየተጋገዙ ወደ በሩ ያወጣሉ።)

ቡሽ፦ (ደረቱን ነፍቶ) ሁለት ቀን ሙሉ ባለመጠጥ ቤቶች ተሰብስበን ስንጮህ ሰነበትን፤ ሕጉን የሚያስቀር ጠፋ። እኔ ግን ብቻዬን፣ በምላሴ፣ በአንድ ጠዋት! ለመሆኑ አከፋፋዩ ጋ ወረፋ ነው ሲሉ፣ ይሄን ሁሉ ከየት አመጣኸው?

ሚዛን፦ እትዬ ናት የሸጠችልኝ።

ቡሽ፦ የትኛዋ እትዬ?

ሚዛን፦ አንድ እህት አይደል ያለችኝ? የእርስዎ ባለቤት ናታ! እርስዎ ስብሰባ ላይ ሳሉ፣ «ሱቁ ሁሉ ሊሸጥ ነው፤ ከእንግዲህ ማን እኛ ጋ ይመጣል?» ብላ ጓዳችሁን ሙልጭ አድርጋ አስጫነችልኝ።

ቡሽ፦ (ሳጥኑ ከእጁ እየተንሸራተተ) የ... የራሴን ቢራ? ለራሴ?

ሚዛን፦ እኔማ «ለጋሼ ነግረሻቸዋል?» ብያት ነበር።

ቡሽ፦ ምን አለችህ?

ሚዛን፦ «እሱ ደግሞ ምን ይነገረዋል? ሁሉን ያውቃል!»