ዋና የማይችለው የገንዳ ባለቤት

ሰው ቤት ሲገዛ የሚያስፈልገውን ነው የሚገዛው ያለው ማን ነው? የሚገዛውስ ጎረቤት አይቶ አፉን የሚከፍትበትን ነው። እናንተ እንደዚያ አይደላችሁም፣ አውቃለሁ። እኔ ግን ነኝ። አሽቀሎን ከተማ፣ ከባሕሩ ብዙም የማይርቅ ቤት ስናይ፣ ባለቤቴ የጣሪያውን ስንጥቅና የቧንቧውን ዝገት ስትመረምር፣ እኔ ጓሮ ቆሜ በመዋኛ ገንዳው ፈዝዤ ነበር። ዋና እንደማልችል ያኔ ትዝ አላለኝም። ጎንደር ላሉት ዘመዶቼ የላክሁትን ፎቶ ብታዩ ግን ዋናተኛ ትሉኛላችሁ፤ ሱሪዬን ጠቅልዬ፣ የገንዳው የመጀመሪያ ደረጃ ላይ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሕግ የምታጠናው ልጄ አልተደነቀችም። "አባ፣ ዜ አኽራዩት ሼልኻ!" አለችኝ፤ ኃላፊነቱ ያንተ ነው ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እናገራለሁ፣ እሷ በዕብራይስጥ ትመልሳለች፤ ኑሯችን እንዲህ ነው። ውሃው ካልታጠረና በሩ ካልተቆለፈ፣ ሳይጠራ የገባ ሰው እንኳ ቢሰጥም ፍርድ ቤት ሊቆም የሚችለው ባለቤቱ እንደሆነ አስረዳችኝ። "የጎረቤት ሕፃን ቢገባስ?" ስትል ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም። እኔ ግን "በእኛ ዘንድ በጎረቤት ላይ በር አይቆለፍም!" ብዬ ተኮፈስኩ። እንዳትቆጣ ብዬ "መግባት ክልክል ነው" የሚል ሰሌዳ በዕብራይስጥ ሰቀልኩ። ሳይጠሩ የሚገቡት ሽማግሌዎቻችን ዕብራይስጥ አያነቡም።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ አጠገባችን የሚኖሩት አሮጊቷ እማማ ይታይሽ በተከፈተው በር ገቡ። አገር ቤት ሳሉ ዓርብ ዓርብ ወንዝ ወርደው፣ ውሃ ውስጥ ጠልቀው፣ ነጭ ለብሰው ነበር ሰንበትን የሚቀበሉት። አሽቀሎን ባሕር እንጂ ወንዝ የላትም፤ ማዕበል ደግሞ እሳቸው አይወዱም። ስለዚህ የእኔን ውሃ መረጡ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። ያኔ ያየሁት ወንበር ላይ የተጣለ ነጠላና ውሃ ውስጥ የሚሰወር ሽበት ብቻ ነው።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ የታየኝ ዳኛው ነው። ቀጥሎ እማማ። ሦስተኛ ዋና አለመቻሌ ሊታየኝ ይገባ ነበር፤ እስከዚያ ግን ዘልያለሁ። በጥልቁ በኩል!

እማማ ጠልቀው ቀና ሲሉ እኔ ውሃ እየጠጣሁ እፈራገጣለሁ። ረጋ ብለው ደረጃውን ወጡ፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወረወሩልኝና ጎተቱኝ። ዳር ላይ ተዘርሬ ስስል፣ "አንተ ልጅ፣ ምን ነካህ? ጠራሁህ እንዴ?" አሉኝ።

ልስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ የሃምሳ ዓመት ሰው! እሳቸው ባይኖሩስ? የገባው የሦስት ዓመት ሕፃን ቢሆንስ? ያ ሰሌዳዬ ምን ይሠራለታል? በእውነት ፈራሁ። በዚያው ሳምንት አጥሩ ቆመ፣ በራሱ የሚዘጋ በርም ከነቁልፉ ተገጠመ።

ሰፈሩ "ከበረብን" አለ። በሚቀጥለው ዓርብ እማማ በሩ ላይ ቆመው "በእኔ ላይ ነው የቆለፍከው?" ሲሉኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "በራሴ ላይ ነው፣ እማማ" አልኩና ያለኝን አንድ ቁልፍ መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩ። ከሁላችን መካከል ሰው ከውሃ ያወጡት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልጄ ስትሰማ ራሷን ያዘች። በሕግ ፊት ተጠያቂው አሁንም እኔው መሆኔን ነገረችኝ። እማማ ብቻቸውን እንዳይገቡ ዓርብ ዓርብ ባለቤቴ አጠገባቸው ትቀመጣለች። እኔ ግን ገንዳውን ላጸዳ ባሰብኩ ቁጥር ሄጄ የእማማን በር አንኳኳለሁ። መጥተው ይከፍቱልኛል፣ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ መጥረጊያዬን ይዤ ጎንበስ ስል "ከዳሩ ራቅ በል!" ይሉኛል፤ በገዛ ጓሮዬ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ።

እርቃለሁ።