ጣሪያው ላይ ያሉት ወላጆች

የሰው ልጅ እሳትን ከገራ ወዲህ እንደዚያች ሰኞ ያለ ቀን አልታየም። ይህን ያሉት ከጎማ ጠጋኙ ጀርባ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ርእሰ መምህር ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከዐውደ ጥናት በተመለሱ ሰሞን ተሳስተው አያውቁም። በዚያች ሰኞ በቢራቢሮ ክፍል ጣሪያ ላይ ካሜራ ተሰቀለ።

ካሜራው ብቻውን አልመጣም፤ ከጎኑ ድምፅ ማጉያ ነበረው። ወላጅ ሥራ ቦታው ተቀምጦ ልጁን በስልኩ ያያል። ማየት ብቻ ደግሞ ምን ያደርጋል? አንዲት ቁልፍ ጫን ብሎ ይናገራል፤ ንግግሩም በቀጥታ ከጣሪያው ይወርዳል። ርእሰ መምህሩ ክራቫታቸውን አጥብቀው፣ ከጉልበታቸው በታች በምትቀር የሕፃን ወንበር ላይ ወጡና ንግግር አደረጉ።

«ዛሬ የተቀናጀ፣ የተናበበና ዘላቂ የሆነ የወላጅ ዲጂታል ተሳትፎ የመሠረት ድንጋይ ጣሪያችን ላይ አኑረናል!»

ተጨበጨበ። ሕፃናቱም አብረው አጨበጨቡ። ሕፃን ለምን እንደሚያጨበጭብ አይጠይቅም፤ በዚህ በኩል ከብዙ ተሰብሳቢ የሚለየው ቁመቱ ብቻ ነው።

ከጥግ የክፍሉ መምህርት እጇን አወጣች። ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏት። ጣቶቿ ላይ ቀለም የማይጠፋ፣ ተረት ስታወራ እንደ ኤሊ ዝግ፣ እንደ አይጥ ጥድፍ ማለት የምትችልበት፣ ባጠቃላይ ዘመናዊነት የሚጎድላት ልጅ ነበረች።

«ልጆቹስ ምን ያደርጋሉ?» አለች።

«ልጆቹማ ይታያሉ!» አሉ ርእሰ መምህሩ፣ እንዲህ ያለውን ጥያቄ በትዕግሥት እያለፉ።

ልጆቹ በደንብ እንዲታዩ ሲባል ክፍሉ ተስተካከለ። ቀለም ወደ ካሜራው መስተዋት ሊረጭ ይችላልና ወደ ግምጃ ቤት ተወሰደ። የእንጨት ጡቦቹ ሲደረደሩ ሰው ይጋርዳሉና ከሁለት በላይ እንዳይደረደሩ ተከለከለ። ወላጆችም በየቀኑ ለመምህርቷ ኮከብ እንዲሰጡ ተደረገ፤ ኮከቧ ያነሰ መምህርት ቀለሙን ተከትላ ግምጃ ቤት ትገባለች። ቲቸር ግምጃ ቤቱን ታውቀዋለች። መስኮት የለውም፤ ልጅም የለውም።

በማግስቱ ጠዋት ጣሪያው አፉን ፈታ።

«ቲቸር! የልጄን አፍንጫ!»

ቲቸር መሐረቧን ይዛ ብድግ አለች። የማን ልጅ እንደሆነ ስላልተነገራት የሁሉንም ጠረገች። የተጠረጉትም ተራ የሚጠብቁትም አንጋጠው ጣሪያውን ያዩ ጀመር። ጥያቄ ስለሚያበዛ «አቶ ለምን» የሚባለው ልጅ ድምፁን ለየው።

«ቲቸር፣ እማዬ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች?»

«እዚያ አይደለችም፣ የኔ ጌታ። ሥራዋ ላይ ናት።»

«ሥራዋ የት ነው?»

«ባንክ።»

«ታዲያ እሷ እዚህ ካለች ባንክ ውስጥ ማን አለ?»

እናቱ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናት፤ ባንኩ ውስጥ በዚያች ሰዓት የነበረው ሰልፉ ብቻ ነው።

ከሁሉ የከፋው የተረት ሰዓት ነበር። ቲቸር ልጆቹን ምንጣፍ ላይ ሰብስባ ጀመረች።

«አንዲት ኤሊ ነበረች። አንድ ቀን ብርድ ያንቀጠቀጠው አይጥ መጣና ‹እባክሽ ቤትሽን ለዛሬ ብቻ አውሺኝ› አላት። አዘነችለትና አዋሰችው። አይጥ ሆዬ ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ገባ። ጠዋት ኤሊ መጥታ ‹ቤቴን› ብትለው…»

«በጽሑፍ ተዋውለዋል?» አለ ጣሪያው። ድንቡሼ የምትባለው ልጅ አባት ነው፤ ጠበቃ ነው።

«አይ፣ ተረት ነው እኮ…»

«ያለ ውል ቤት መስጠት ለልጅ አይነገርም!»

«ኪራዩስ?» አለች የአቶ ለምን እናት።

«አይጦቹ ጥርሳቸውን ቦርሸው ነው የተኙት?» አለ ሌላው። እሱ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ዝም ቢል ነበር የሚገርመው።

ቲቸር ኮከቧን እያሰበች ሁሉንም እሺ አለች። ኤሊ ውል ተዋዋለች፣ ቀብድ ተቀበለች፣ አይጦቹ በሰልፍ ጥርሳቸውን ቦረሹ። ኤሊ ቤቷን ሳታስመልስ ግን ደወል ተደወለ። በማግስቱም እንዲሁ። ልጆቹ ቤታቸው ሲገቡ «ኤሊ ቤቷን አገኘች?» ብለው ወላጆቻቸውን ይጠይቁ ጀመር፤ ወላጆቹም አያውቁም። ተረቱን ያላስጨረሱት እነሱ መሆናቸው ትዝ ያለው አልነበረም። ሁሉም ማታ ማታ ለቲቸር ግማሽ ኮከብ ሰጥተው ይተኛሉ።

ነገሩ የፈነዳው ዓርብ ዕለት ነው። አቶ ለምንና ድንቡሼ አንዲት የእንጨት መኪና ከወዲህና ከወዲያ ያዙ።

«እመቤት፣ ልጅዎ የልጄን መኪና እየቀማ ነው» አለ ጠበቃው ከላይ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቀድሞ የያዘው እሱ ነው» አለች የአቶ ለምን እናት።

«በምን ማስረጃ ነው የሚሉት?»

«በዓይኔ!»

«ዓይንሽማ…» አለ ጠበቃው፤ ከዚህ በኋላ «እርስዎ» የሚባል ነገር በዚያ ጣሪያ ላይ አልተሰማም። «አንቺ ሴትዮ!» «አንተ ሰውዬ!» ሆነ። የጥርስ ሐኪሙ ገላጋይ ነኝ ብሎ ገባና የሁለቱንም ስድብ ተካፈለ። ሌሎቹም እንዳይቀርባቸው እየተሻሙ ቁልፋቸውን ተጫኑ።

ከታች ድንቡሼ ሾፌር ሆና፣ አቶ ለምን ተሳፋሪ ሆኖ «ወራጅ አለ!» ካለ ቆይቷል።

ልጆቹ መጫወታቸውን ትተው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው አዳመጡ።

«ቲቸር፣ ለምን ተራ አይጠብቁም?» አለ አቶ ለምን።

«እንጃ፣ የኔ ጌታ።»

«እንቅልፋቸው መጥቶ ነው» አለች ድንቡሼ እንደ ትልቅ ሰው ራሷን እየነቀነቀች። «አባዬ እንቅልፉ ሲመጣ ይነጫነጫል።»

ቲቸር ግምጃ ቤቱ ታያት። ያ መስኮት የሌለው ክፍል እንደማይቀርላት ገባትና ፍርሃቷ ለቀቃት። መሐል ምንጣፍ ላይ ቆማ፣ ወደ ጣሪያው አንጋጣ፣ ያንን ሠላሳ ልጅ ባንድ ጊዜ ዝም የሚያሰኝ ድምፅ አወጣች።

«እጅ ወደ ላይ! እጅ ወደ ጎን! ጣት ከንፈር ላይ!»

ጣሪያው ጸጥ አለ።

ኋላ እንደተወራው ከሆነ ባንኳ ውስጥ ሥራ አስኪያጇ በሰልፈኛው ፊት ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ተገትራ ነበር፤ ሰልፈኛውም ነገሩ አዲስ መመሪያ መስሎት እንደሷ አደረገ። የጥርስ ሐኪሙ ያጋደመው በሽተኛ ግራ ገብቶት አፉን ዘጋ። ችሎት ፊት የነበረው ጠበቃ ሁለት እጁን ሲያነሣ ደግሞ ዳኛው መቃወሚያ መስሏቸው «ተቀብለነዋል» አሉ።

«ጎበዞች!» አለች ቲቸር። «አሁን ሳታቋርጡኝ ታዳምጣላችሁ። ኤሊ አይጦቹን አልተጣላቻቸውም። በሩ ላይ ቁጭ ብላ ‹እንግዲህ ተዘጋጁ፤ ቤቴ ነገ ወንዝ ወርዶ ገላውን ይታጠባል› አለቻቸው። ‹ቤት ገላ ይታጠባል እንዴ?› አሉ። ‹የኔ ቤት ንጹሕ ነው፣ ጠልቆ ነው የሚታጠበው› አለች። አይጦቹ ውሃ የሚባል ነገር አይወዱም። እየተገፋፉ፣ ጅራት ለጅራት እየተረጋገጡ፣ ውልቅ! ኤሊም ቤቷን አጥልቃ ለጥ ብላ ተኛች።»

ልጆቹ በሳቅ ተንከባለሉ። ከዚያም አይጥና ኤሊ ለመሆን እየተጋፉ ወደ ግቢው ሮጡ፤ የክፍሉ ሞግዚትም ተከተለቻቸው። ምንጣፉ ባዶ ቀረ። ቲቸርም ዕቃዋን ልትሰበስብ ጎንበስ ስትል፣ ከላይ አንድ የሚለማመጥ ድምፅ መጣ።

«ቲቸር… ድገሚልን።»

ጠበቃው ነው።

«አንዴ ብቻ» አለች የባንኳ ሥራ አስኪያጅ። «አይጦቹ ውልቅ የሚሉበትን።»

ደገመችላቸው። ሁለተኛው ገና ሳያልቅ በሩ ተከፈተና ርእሰ መምህሩ ስልካቸውን እያዩ ገቡ። ስልካቸው ላይ ኮከብ እንደ በረዶ ይወርዳል። ቀና ሲሉ ግን ባዶ ምንጣፍ፣ ለጣሪያ ተረት የምታወራ መምህርት። ቲቸር ቀጥ ብላ ቆመች።

«ልጆቹ የታሉ?»

«ግቢ ናቸው፣ ጌታዬ። ከሞግዚቷ ጋር ጭቃ እያቦኩ ነው። አሁኑኑ ልጥራቸው…»

«ሽሽሽ!» አለ ጣሪያው በአንድ ድምፅ። «ማን ነው የሚያወራው? አይጦቹ ጋ ደርሰናል!»

ርእሰ መምህሩ ደነገጡ። ስልካቸውን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ፣ በመስኮት ደግሞ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ የሆኑትን ልጆች አዩ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንዳትጠሪያቸው። እነሱ ከገቡ ትምህርት ይረብሻሉ።»