ያልበቃው ሞት

ሊቁ፦ የሞተ ሰው እንዴት አድርጎ ጠረጴዛ ላይ ሾርባ ይጠጣል?

ገራገሩ፦ ጠረጴዛ ላይ አይደለም ጋሼ፣ ወንበር ላይ ነው። እየው፣ እግሮቹ ከሥር ይታያሉ።

ሊቁ፦ እግሩን ተወው! ሰውየው ሞቷል ነው የምልህ!

(ክፍሏ የአንድ ሳምንታዊ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ ከገባባት ወዲህ ሰው የሚያልፍባት በጎን እየሆነ ነው። አንደኛው ጠረጴዛ የደራሲው ነው። ሰዉ ሁሉ ሊቁ ይለዋል፤ እሱም አልጠላውም። በሌላው ላይ የተቀመጠው የሚስቱ ወንድም፣ «ነበልባል» የሚባለውን በየሳምንቱ የሚወጣ የሥዕል ታሪክ የሚስለው ገራገሩ ነው። ዛሬ ዋና አዘጋጇ ታሪኩ ተሰብስቦ የታተመበትን መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ይዛ ትመጣለች። ሊቁ ስሙን መጽሐፍ ሽፋን ላይ ለማየት ከጎረምሳነቱ ጀምሮ ሲመኝ ኖሯል፤ ለዚሁ ሲል ክራባት አስሯል።)

ገራገሩ፦ ማን ገደለው?

ሊቁ፦ እኔ! ባለፈው ክረምት፣ ድልድዩ ላይ፣ በወንበዴው በጊንጡ ጩቤ አስወግቼ! የጀግናችንን የነበልባልን ታናሽ ወንድም!

ገራገሩ፦ እሱንማ አንብቤዋለሁ። አለቀስኩ እኮ። እህቴ ሁሉ ምን ሆንክ ብላኛለች።

ሊቁ፦ ታዲያ አልቅሰህ ስታበቃ ሾርባ ታቀርብለታለህ? ስማኝ። የጻፉትን መልሶ መከለስ የሰነፍ ደራሲ ምልክት ነው። መቃብር የሚቆፍረው ሐሳብ ያለቀበት ሰው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ! የታተመ አይነካም! ባለፈው ወር በሬዲዮ ምን ብዬ ነው የተናገርኩት?

ገራገሩ፦ «ሙት ያስነሳ ደራሲ ስሙ ከሽፋን ይፋቅ።»

ሊቁ፦ «እኔም ብሆን» አላልኩም?

ገራገሩ፦ ብለሃል። ጠረጴዛም መተሃል፣ ተሰምቷል።

ሊቁ፦ እና?

ገራገሩ፦ እናማ ሙት አልተነሳም ጋሼ። አልሞተማ።

ሊቁ፦ ገድዬዋለሁ!

ገራገሩ፦ ገድለኸዋል። ግን አልበቃም።

ሊቁ፦ ምኑ?

ገራገሩ፦ ሞቱ። ክቧ ውስጥ አልገባ አለ።

(ክቧ ማለት ከተሳለው ሰው አፍ አጠገብ ያለችው፣ ንግግር የሚጻፍባት ናት። ሊቁ ለሟች የሰጠው ኑዛዜ ደግሞ ገጽ ሙሉ ነበር፤ ሲጽፈው ራሱም መሐረብ አውጥቷል።)

ገራገሩ፦ «ወንድሜ ሆይ፣ የሕይወቴ ጀንበር በምትጠልቅበት በዚህች ሰዓት» ብሎ ይጀምራል። እሱን ብቻ ስጽፍ ድልድዩ ተሸፈነ። ቀጠልኩ፣ ወንዙ ተሸፈነ። ጊንጡም ከነጩቤው ተሸፈነ። ሟቹን የት ላስተኛው?

ሊቁ፦ እሺ፣ ምን ጻፍክ?

ገራገሩ፦ «በረደኝ።»

ሊቁ፦ በረደኝ!?

ገራገሩ፦ ልክክ ብሎ ገባ። እንዲያውም ቦታ ተረፈ።

ሊቁ፦ ደሙስ? በደም ተነክሮ አይደለም እንዴ?

ገራገሩ፦ ቀይ ቀለም አልቆ ነበር። በሰማያዊ ቀባሁት። ቆየት ብዬ ሳየው ለራሴም ውሃ መሰለኝ። በቃ፣ ወንዝ ውስጥ ወድቆ የወጣ ነው አልኩ።

ሊቁ፦ (ወንበሩን በእጁ እየፈለገ) ቆይ... ነበልባል መቃብሩ ላይ ቆሞ የማለውስ? «ደምህን ሳልመልስ እህል አልቀምስም» ያለው?

ገራገሩ፦ የሞተ ሳይኖር መቃብር ከየት ላምጣ? ምሳ ቤት አደረግኩት። መሐላውም ስለ እህል ስለሆነ ብዙ አልራቅኩም፤ «ራበኝ» አስባልኩት።

ሊቁ፦ ጊንጡስ! ገድሎ በመኪና ያመለጠው!

ገራገሩ፦ አንተ ያልከው «በፍጥነት ነዳ» ነው። እርጥብ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ በፍጥነት የሚነዳ ምን ዓይነት ጨካኝ ነው ብዬ ከኋላ ወንበር አስቀመጥኩለት። ሐኪም ቤት አደረሰው። ከዚያ ወዲህ ጥሩ ሰው ነው። ሾርባውንም ያመጣለት እሱ ነው።

(ሊቁ ተቀመጠ። ፀጉር አስተካካዩ፣ ባለሱቁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «አይ ያ ወንድምየው!» እያሉ ሲስቁ፣ ሐዘናቸውን በሳቅ የሚሸፍኑ ጨዋዎች መስለውት ነበር። እንዲያውም አንዱን አቅፎ «አይዞህ» ብሎታል።)

ገራገሩ፦ ግን ጋሼ፣ መጽሔቱ ሲወጣ አላየኸውም?

ሊቁ፦ ደራሲ የጻፈውን መልሶ አያነብም! የወለደ ሰው ልጁን መልሶ ይወልዳል?

ገራገሩ፦ አይወልድም። ግን አልፎ አልፎ ያየዋል።

ሊቁ፦ ዝም በል፣ ላስብበት። የዛሬው ክፍል ነበልባል የወንድሙን ደም ተበቅሎ ጊንጡን የሚገድልበት ነው።

ገራገሩ፦ ወንድምየው እያየ?

ሊቁ፦ አገኘሁ! ሾርባ የሚጠጣው ወንድሙ አይደለም። የወንድሙ መንትያ ነው!

ገራገሩ፦ እናትየው አታውቀውም?

ሊቁ፦ ደብቀዋት ነው!

ገራገሩ፦ እየወለደች?

ሊቁ፦ ተወው። ሕልም ነው! ከድልድዩ ወዲህ ያለው ሁሉ ነበልባል ተኝቶ ያየው ሕልም ነው!

ገራገሩ፦ ጋሼ፣ አሁን ይሄ መከለስ አይደለም?

ሊቁ፦ በጭራሽ! ሌላ ሰው ሲያደርገው መከለስ ነው። እኔ ሳደርገው ጥልቀት ነው።

ገራገሩ፦ (ራሱን ይነቀንቃል፤ ገብቶት ሳይሆን ሊያከብረው ብሎ) እሺ። ሾርባው ግን ትኩስ ነው፤ እንፋሎት ስዬበታለሁ።

(ዋና አዘጋጇ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አቅፋ ትገባለች። ሁለቱም ተነሱ፤ ቦታ ስለሌለ ግን የተነሱት በተራ ነው።)

አዘጋጇ፦ ምነው፣ ድምፃችሁ ደረጃው ድረስ ይሰማል! እንኳን ደስ ያላችሁ። ይኸው ወጣ!

ሊቁ፦ እትዬ፣ አንዲት ትንሽ ማስተካከያ ብቻ...

አዘጋጇ፦ የምን ማስተካከያ! ታክሲ ውስጥ ማንበብ ጀምሬ መውረጃዬን አለፍኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ እስከ ድልድዩ ያለው እንቅልፍ ያመጣል። ከድልድዩ ወዲህ ግን ሌላ ሰው የጻፈው ነው የሚመስለው። ያ ልጅ ያ ሁሉ ደርሶበት «በረደኝ» ብቻ ሲል! ወንድሜን ሐኪም ቤት ሳስታምም እንዲሁ ነበር የሚለኝ፤ አመመኝ ብሎኝ አያውቅም። እዚያው አለቀስኩ። ሾፌሩ ደንግጦ ዘፈኑን አጠፋው።

(ገራገሩ ብሩሹን አስቀመጠ። በቦታ ጥበት ያደረገው ነገር ሴትየዋን ማስለቀሱ አሳፍሮታል።)

አዘጋጇ፦ ለመሆኑ ማን ነው የጻፈው?

(በሊቁ ሆድ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተያያዙ። አንደኛው በሬዲዮ የተናገረው ነበር። ብዙም ሳይታገል ወደቀ።)

ሊቁ፦ እኔ ነኛ!

ገራገሩ፦ አዎ እትዬ፣ ጋሼ ነው። እኔ ያሳጠርኩት ብቻ ነው።

አዘጋጇ፦ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ዘመዳሞች ናቸው፣ ተስማምተው ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ እንጂ ገርሞኝ ነበር።

(መጽሐፉን ገልብጣ ሽፋኑን አሳየችው። «ነበልባል» ይላል በትልቁ። ከሥሩ፦ ድርሰትና ሥዕል፣ ገራገሩ።)

ሊቁ፦ ስሜስ? ስሜ የት ሄደ? ሽፋኑን ስትስል በዓይኔ አይቼዋለሁ!

ገራገሩ፦ ነበረ ጋሼ። ከሬዲዮው በኋላ ነው የፋቅኩት። አንተ ገድዬዋለሁ ብለህ ለአገር ተናግረሃል፤ አገሩ ደግሞ በየሳምንቱ ሲበላ ሲጠጣ ያየዋል። ሙት አስነሳ ተብሎ የእህቴ ባል ከሚዋረድ እኔ ልዋረድ ብዬ የራሴን ጻፍኩበት።

ሊቁ፦ (ክራባቱን እያላላ) ገራገሬ፣ ወንድሜ... ያ የሬዲዮው ጨዋታ ነው። መከለስ ምን ክፋት አለው? ሰው ይሳሳታል፣ ያርማል፣ ይሄ እኮ የታላላቅ ደራሲዎች ወግ ነው! ስሜን መልስልኝ፣ በናትህ!

ገራገሩ፦ (ከልቡ አዝኖ) እኔ ምን ከፋኝ ጋሼ። ግን ታትሟል እኮ።