እሳት ዳር የተሰቀለው ዳኛ

ገላው እየተንቀጠቀጠ እንኳ መሣሪያ ካልመሰከረለት በረደኝ የማይል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንዱን አውቀዋለሁ። በጣልያን ጊዜ ደብረ ማርቆስ አስተርጓሚ የነበረ ጎረቤቴ ነው። ጌቶቹ የሰጡትን የሙቀት መለኪያ ከምድጃው በላይ ሰቅሎ ብርዱን ሁሉ በእሱ ያስዳኝ ነበር። እሳት ዳር የተቀመጠ ዳኛ ስለ ብርድ ምን ያውቃል?

የታመሙት እናቱ በር ሥር ካለው መደብ ላይ ሆነው፣ «ልጄ፣ በረደኝ፤ ጋቢህን ጣል አርግብኝ» አሉት።

መለኪያውን አየና፣ «እማዬ፣ ቤቱ እኮ ሞቋል!» አላቸው።

«እንግዲያ እኔንም እሱ ካለበት ውሰደኝ።»

ሳቀ።

በሳምንቱ ቀበርናቸው። በዚያ በቀትር ፀሐይ፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጋቢ ደረብንለት። ስንት ዲግሪ እንደሆነ እሱም አልጠየቀም።