ያልሄድኩበት ሰርግ

ሰው እንግዳ ሲጠራ የሚጨነቀው ወጡ ጨው እንዳይበዛበት ነው አይደል? እኔ ባለፈው ቅዳሜ የጨነቀኝ ስለ አንድ በግ ነበር። ያውም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ስለታሰረ በግ። ቆይ፣ ከሥሩ ልንገራችሁ።

የምኖረው ጀርመን አገር፣ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ሐሙስ ዕለት ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር። «አንተዋ! ሰይድ ነኝ፣ የሐይቁ!» አይለኝም? ኖርዌይ የጭነት መኪና ሹፌር ሆኗል። ዕቃ ጭኖ ሐምቡርግ ገብቷል፣ ቁጥሬን ከእህቴ ተቀብሏል። ቅዳሜ ለእራት ና አልኩት። ስልኩን ስዘጋ ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ምነው ባልጠራሁት አልኩ።

ሰይድ ማን መሰላችሁ? ሐይቅ ከተማ ስምንተኛ ክፍል እያለን የአስተማሪያችንን ብስክሌት ሳላስፈቅድ ወስጄ ሐይቁ ውስጥ ከተትኩት። «እኔ ነኝ» ብሎ የተገረፈልኝ ሰይድ ነው። ለእንዲህ ያለ ጓደኛ ምን አደረግሁለት? ሰርጉ ላይ ቀረሁበት።

መቅረት ብቻ ቢሆን ጥሩ። እኛ አገር የሙስሊም ሰርግ ላይ ለክርስቲያኑ እንግዳ ለብቻው በግ ይታረዳል። አራጁም፣ ወጥ ሠሪዋም፣ ድስቱም የክርስቲያን ነው። ውጫሌ ላይ በተደገሰው የሰይድ ሰርግ የክርስቲያኑ ወገን ኃላፊ እኔ ነበርኩ። አራጅ የማመጣው እኔ፣ እንግዳ የማስተናግደው እኔ። ታዲያ ሰርጉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሱዳን በኩል የሚያወጣኝ ደላላ «ዛሬ ነው ጉዞው» አለኝ። ለማንም ሳልናገር ሄድኩ።

ከዚያ ወዲህ በሐፍረት አልደወልኩለትም። እናቴ ስልክ ላይ «ያ ጓደኛህ ሰይድ እኮ…» ስትል፣ «እማዬ፣ መስመሩ ተቆራረጠ» እላለሁ። ስንቱን ደህና መስመር አማሁት!

እንግዲህ ቅዳሜ ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ይቅር ካላለኝስ? እዚህ አገር ሥራ አለኝ፣ ቤት አለኝ፤ ስለ ብስክሌቱ የሚያውቅልኝ ሰው ግን የለኝም። ከቱርኩ ሉካንዳ ሐላል ሥጋ ገዛሁ። አዲስ ድስት፣ አዲስ ቢላ፣ አዲስ ጭልፋ። የአሳማ ሥጋ ያልነካው ነገር ፍለጋ ጨው እንኳ አዲስ ገዛሁ። ጨው ምን አደረገኝ?

ሰይድ መጣ። ፀጉሩ ሄዷል፣ ቦርጩ መጥቷል። በር ላይ ተቃቅፈን ቆየን። ገበታ ቀረብን። እሱ ከሽሮው ብቻ ቆረሰ። እኔም የእስላም ሥጋ ስለማልበላ ከሽሮው ቆረስኩ። ጥብሱ መሃላችን ተቀምጦ ይቀዘቅዛል። በቃ፣ ተቀይሞኛል አልኩ በሆዴ።

«ሰይዶ፣ ብላ እንጂ። የእናንተው ነው፣ ድስቱም አዲስ ነው» አልኩት።

«እሱንስ አልጠረጠርኩህም ወላሂ። ግን መጀመሪያ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

እኔ? እሱን? ለካስ ሰይድም ሰርጉ ላይ አልነበረም! በአባቱ ምርጫ መዳር አልፈልግ ብሎ፣ በዚያው ቀን ማለዳ በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ አምልጧል። «አንተ እንግዳ ሰብስበህ ስትንከራተት፣ ሙሽራው የለም» አለ አንገቱን ደፍቶ።

እውነቱን መናገሪያዬ ይኼኔ ነበር። ግን ይቅርታ ሊለምን የመጣ ሰው፣ በነፃ ይቅር ባይ ሲያደርጋችሁ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይጣፍጣል። «ተወው ሰይዶ፣ ያለፈ ነው» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። «ፀሐዩ ትንሽ ጎድቶኝ ነበር እንጂ።»

«በጉስ?»

«ኃይለኛ ነበር፣ አስቸገረን።»

«መልኩ ምን ነበር?»

«ነ… ነጭ።»

ሰይድ ጥብሱን ጎረሰ። አላመጠ፣ ዋጠ። «በጉ ቀይ ነበር፤ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከጨረስክ የዘይነባን ሰላምታ ላድርስልህ።»

ዘይነባ ሙሽራዋ ናት። ሰይድ ባለፈው ረመዳን ደውሎ አፉታ ሲጠይቃት ሁሉን ነግራዋለች፤ የእኔንም መቅረት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት! የመጣልኝን ቃል ሁሉ እየደረደርኩ ይቅርታ ለመንኩት፤ እንባዬም መጣ። ሰይድ ግን ሳቁን ለቀቀው። ቦርጩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ያን ሳቁን ስሰማ ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከትከሻዬ ወረደ።

«አብሽር! መቅረታችን ያመጣውን አልሰማህም እኮ» አለኝ።

እኔ ስጠፋ አራጅ የለ፣ አስተናጋጅ የለ። የሰይድ የአጎት ልጅ ሁሴን ነው የተነሣው። ክርስቲያን ጎረቤት ለምኖ አሳረደ፣ ወጥ ሠሪ አመጣ፣ እንግዳውን ሁሉ በክብር አስቀመጠ። የሙሽራዋ አባት ቆመው ሲያዩት ዋሉ። ሙሽራው ጠፋ ሲባል፣ «ልጄን የምሰጥ ለዚህ ነው!» አሉ። ዘይነባም ድሮውን ልቧ ከሁሴን ጋር ነበር። እምቢ የምትል መሰላችሁ?

«አንተ መጥተህ ቢሆን» አለኝ ሰይድ፣ «ሁሴን ጫቱን ይዞ ጥላ ሥር ቁጭ ይል ነበር። ማን ያየው ነበር?»

አምስት ልጅ ወልደዋል። ዘይነባ በየዱዓው ሁለታችንን ትመርቀናለች አሉ። የመጀመሪያ ልጇንም ጥር ላይ ልትድር ነው፣ ጠርታናለች። ከመቀመጫዬ ዘለልኩ፤ «በዚህኛውስ አልቀርም! አራጁንም ራሴ አመጣለሁ!» አልኩ።

ሰይድ እጄን ይዞ አስቀመጠኝ። መልእክቷ አላለቀም ነበር።

«ጠርቻችኋለሁ፤ ለልጄም እንደ እኔ እንዲቀናት ግን፣ አደራችሁን፣ እንዳትመጡ።»