የጋሽ ተክለ ማርያም ቃል አቀባይ

ባሏ ሲጠየቅ እሷ የምትመልስ ሴት የሌለችበት ሕንፃ ቶሮንቶ ውስጥ አልተሠራም። ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈራችን፣ ለኛ ፎቅ የደረሱን ክብርት ወይዘሮ ውብአለም ናቸው።

ባለቤታቸው ጋሽ ተክለ ማርያም ረዥም፣ ትከሻ ሰፊና ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሊፍት ውስጥ “እንዴት አደሩ ጋሽ ተክሌ?” ስላቸው ፈገግ ይላሉ። “ደህና አድሯል፤ ወገቡን ትንሽ ይዞታል እንጂ” የሚሉት ግን እትዬ ውብአለም ናቸው። ሻይ በስኳር ይሁን ያለ ስኳር፣ ሹራቡ ይሞቃል ወይስ ይበርዳል፣ ሁሉንም እሳቸው ያውቃሉ። አንድ ቀን ክሊኒክ ይዣቸው ሄድኩ። ሐኪሙ ጋሽ ተክሌን “እስቲ በደንብ ይተንፍሱ” ቢላቸው እትዬ ውብአለም ተነፈሱ። የማንኛቸው ሳንባ እንደተመረመረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ጋሽ ተክሌ በአገር ቤት ባሕር ኃይል ውስጥ የሚሳይል መርከብ መካኒክ ነበሩ። ይህንንም ከሳቸው አፍ አልሰማሁትም። ድግስ ላይ አንድ ሰው በስህተት “አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?” ብሎ ከጠየቃቸው እትዬ ውብአለም ነጠላቸውን ያስተካክላሉ።

“እሱ አይናገርም እንጂ…”

በቃ! ማምሻችን ነው። መርከቧ ከሶቪየት የመጣችበትን ቀን፣ ምጽዋ የቆመችበትን ቦታ፣ ዳህላክ ላይ የታደሰችበትን ወር፣ በመጨረሻም አገር ሲታመስ ወደ የመን የሸሸችበትን ሰዓት አንድ በአንድ ያወርዱታል። “ሠላሳ ስምንት ሜትር! ሦስት ሞተር! አራት ሚሳይል፣ ሁለት በግራ፣ ሁለት በቀኝ!” በፋሲካ አርባ ኖት የነበረው ፍጥነቷ ለገና ስልሳ ይደርሳል። ተራኪዋ ደግሞ በሕይወታቸው አንድ መርከብ ላይ ወጥተው አያውቁም። ወደ ቶሮንቶ ደሴት የሚያሻግረው ፌሪ ጀልባ እንኳ፣ ገና ከሩቅ ሲያዩት፣ ራሳቸውን ያዞራቸዋል።

ጋሽ ተክሌ አጠገባቸው ተቀምጠው ለሁሉም ፈገግ ይላሉ። እኛም እንስቃለን። እውነቱን ለመናገር፣ እትዬ ውብአለምን አስመስሎ በመናገር በሕንፃው ውስጥ የሚያክለኝ አልነበረም።

በእኛ አቆጣጠር ዘጠና አምስት ላይ፣ በካናዳ በጋ፣ አንድ የካናዳ ባሕር ኃይል የሚሳይል መርከብ ወደብ ላይ ቆሞ ለሕዝብ ተከፈተ። ቅዳሜ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። እትዬ ውብአለም ነጭ ቀሚስና ሹል ታኮ ጫማ አድርገው፣ ባላቸውን ከኋላ አስከትለው ቆመዋል።

“ማኑ፣ መኪናህ ይሠራል አይደል?”

ከሊፍቱ ስንወጣ እንኳ እሄድ እንደሆነ አልተጠየቅሁም።

መርከቡ ላይ አንድ ወጣት መኮንን፣ ልብሱ እንደ ወረቀት የተተኮሰ፣ ለጎብኚዎች ያስረዳል። እትዬ ውብአለም እጃቸውን አወጡ።

“ኤክስኪዩዝ ሚ፣ ሃው ሜኒ ኢንጂን?”

“ሦስት፣ እመቤቴ።”

“እኛም ሦስት ነበረን” አሉ፣ ለነገሩ ብዙም ሳይደነቁ። “ሚሳይልስ?”

መኮንኑ ረዥም ቁጥር ነገራቸው። እትዬ ውብአለም አንገታቸውን ነቀነቁ። “ብዙ ነው። ለመሆኑ ስንቱን ተኩሳችኋል?”

መኮንኑ ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ውብአለም ይህንን ዕድል አላለፉትም፤ ባላቸውን በክንዳቸው ጎትተው ወደ ፊት አቆሟቸው። “ሂ ኢዝ ኔቪ! ሚሳይል! ኢንጂን!”

መኮንኑ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን ተናገረ፦ እንግዳውን ታች አውርዶ ሞተር ክፍሉን ሊያሳያቸው እንደሚፈልግ። እትዬ ውብአለም ቀድመው ወደ መሰላሉ አመሩ። መኮንኑ ታኮውን አየ።

“ይቅርታ እመቤቴ፣ በዚህ ጫማ አይወረድም።”

“አወልቀዋለሁ!”

“በባዶ እግርም አይፈቀድም።”

እትዬ ውብአለምን እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም። ፊታቸው ቀለሙን ለወጠ፤ እጅጌዬን ጨምድደው ያዙ። “አብረኸው ውረድ። አንድ ነገር ከጠየቁት አንተ መልስለት። ቶሎ ብለህ መልስ፣ ሰማኸኝ?”

ታች አንድ ሞተር ይሠራል። ጩኸቱ ጥርስ ያንቀጠቅጣል። ቀይ ጢም ያለው መካኒክ መጥቶ አፉን ከፍቶ ዘጋው፤ ምን እንዳለ ለእኔ ጭራሽ አልተሰማኝም። አደራዬን ልወጣ “የስ! የስ!” እላለሁ። ጋሽ ተክሌ ግን በእጃቸው ገፋ አድርገውኝ አለፉ። መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ በጣታቸው አንድ ነገር ጠየቁ። መካኒኩ በጣቱ መለሰ። ጋሽ ተክሌ በክርናቸው አንድ ነገር አሳዩ። መካኒኩ በሳቅ ፈነዳ። ሁለቱ ሰዎች አንድ ቃል ሳይሰሙ ሩብ ሰዓት ሙሉ ተጫወቱ።

በመጨረሻ ጋሽ ተክሌ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው፣ በአራት ዓመት ጉርብትና ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ ጮሁ፦

“እዚህ ጥሩ ነው! እዚህ ማንም አይሰማም!”

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ስንወጣ እትዬ ውብአለም መሰላሉ አፍ ላይ ቆመዋል። “ጠየቁት? ማን መለሰለት?”

“ራሳቸው።”

እዚያው የብረት ሳጥን ላይ ቁጭ አሉ። ጋሽ ተክሌ ራቅ ብለው መድፉን ሲያዩ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ሦስት ሞተር፣ አሥራ አንድ ዓመት። ቀኝ ጆሯቸው አይሰማም፤ ግራው ሊያልቅ ነው። ስካርቦሮ ያለ ፋብሪካ ማሽን ላይ ይሠራሉ፤ አለቃዬ ካወቀ ሌይኦፍ አድርጎ ከሥራ ያስወጣኛል ብለው ይፈራሉ። ለጆሮዎ ማዳመጫ፣ ሂሪንግ ኤይድ፣ ያድርጉ ቢባሉ ደግሞ “ሽማግሌ ነኝ እንዴ?” ይላሉ።

“ስለዚህ ሰው ሳይደርስበት እደርስለታለሁ” አሉ። “ይሁን፣ እኔን ለፍላፊ ይበሉኝ። እሱን ደንቆሮ ከሚሉት።”

ያስመሰልኩባቸው ቀን ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ።

ስንመለስ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ፓርክ አደረግሁና እትዬ ውብአለም ቲማቲም ሊገዙ ወረዱ። በሩ እንደተዘጋ ጋሽ ተክሌ ወደ እኔ ዞሩ።

“ማኑ፣ ውቤ ድግስ ላይ ስለኔ ምንድን ነው የምትለው? ሰው ሁሉ እየሳቀ እጄን ይጨብጠኛል። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልሰማሁት።”

መስኮቶቹን ዘጋሁ። ከዚያ በግራ ጆሯቸው ጮህኩ። ልምምድ ላይ ሚሳይሉ አልነሳ እንዳለ፣ አዛዡ ራሱን እንደያዘ፣ ያን ጊዜ ጋሽ ተክሌ በዘይት ተለውሰው ከሞተር ክፍል ብቅ ብለው መፍቻ እንዳነሱ… በመንገዱ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው ያዩናል፤ አንዲት ሴት እንዲያውም ልጇን ወደ ማዶ አሻገረች።

ጋሽ ተክሌ መኪናው እስኪወዛወዝ ሳቁ። እንባቸውን ጠረጉ።

“ሚሳይል? እኔ እስካለሁ ድረስ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም! ክዳኑን የከፈትነው ልንወለውለው ነው።” ወደ ሱቁ በር አዩ። እትዬ ውብአለም ቲማቲሙን አንድ በአንድ እየጫኑ ይመርጣሉ። “ማወቄን እንዳትነግራት።”

“አልነግርም!”

በሩን እንደገና አዩ፤ እትዬ ውብአለም አልጨረሱም። ወንበራቸው ላይ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ግራ ጆሯቸውን አስጠጉ።

“እሺ፣ መፍቻውን አነሳሁ” አሉ። “ከዚያስ? ከዚያ ምን አደረግሁ?”