የአቶ ፈንታ መልክ በነጭ ግድግዳ ላይ

ሥዕልን የሚያየው ዓይን ነው ያለው ማን ነው? እኔ ግድግዳው ነው እላለሁ። አዳራሹ ካላዘዘው በቀር ምንም የማያይ ሰው አለ። አታውቁትም? እኔ ግን ጎረቤቴ ነው።

አቶ አድማሱ ይባላል፤ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ማላኪ ከተማ አንድ ሕንፃ ውስጥ እንኖራለን። ከሱ በላይ አቶ ፈንታ አሉ። ሠዓሊዋ ልጃቸው የአባቷን መልክ በትልቁ ሥላ፣ ቤቱ ስለጠበበ ደረጃው ላይ፣ አድማሱ በር አጠገብ አቆመችው። አድማሱ ከገበያ ሲመለስ፣ ማየቱ ቀርቶ ሐብሐቡን ያስደግፍበታል።

በቀደም ሥዕሉ ያቭነ ከተማ፣ ኤግዚቢሽን ላይ ተሰቀለና አብረን ሄድን። ግድግዳው ነጭ ነው፤ መብራቱ የሚያበራው የፈንታን ፊት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ያንሾካሹካል። ልጅቷ ጥቁር ለብሳ፣ አበባ ይዛ በር ላይ እንግዳ ትቀበላለች። ታዲያ አድማሱ ምን ያስብ?

"ወይኔ ወንድሜን! ምነው ሳትነግሩኝ!" ብሎ ደረቱን ይደቃ ጀመር። ያገራችን ሰዎችም ሟቹ ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አብረውት አለቀሱ። ፈረንጆቹ ደግሞ የዝግጅቱ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ፈንታ ጭማቂያቸውን እንደያዙ ከኋላው መጡ። "ቤሰደር፣ እሺ፣ በቃ አድማሱ፣ አለሁ! ለመሆኑ ደረጃው ላይ ስንገናኝ እንዲህ አይተኸኝ ታውቃለህ?"

አድማሱ እንባውን ጠረገና፣ "እዚያ መብራት የለማ!" አለ።

ዛሬ ሥዕሉ ወደ ደረጃው ተመልሷል። አድማሱ ሐብሐቡን አስደግፎበት ቁልፉን ይፈልጋል። ፈንታ እያለፉ "ሰላም" ሲሉት፣ ዞር ሳይል "ሰላም" ይላቸዋል።